ቀዩ ሰውዬ በር ላይ ነው፦ የአንድ አጭር ሆረር ፊልም የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ስክሪፕት

14 ገጽ ወጣ። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው ስለሚባል 14 ደቂቃ እንበለው። አንድ ቤት፣ አንድ ሌሊት፣ አምስት ተዋናዮች። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ታሪኩ ከግቢው አይወጣም።

ታሪኩ ይሄ ነው። የገና ዋዜማ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሙዚቃ ከፍተው የገና ዛፍ ያበራሉ። የገና አባት ልብስ የለበሰ ሰው መስኮቱ ላይ ይታያል። በሩን ይሞክራል፣ እምቢ ይለዋል። በጓሮ ይዞራል። ጣሪያው ላይ ኮቴ ይሰማል። እነሱ መብራት አጥፍተው፣ ቢላ ይዘው ይጠብቁታል። ሰብሮ ሲገባ ይገድሉታል።

ትዊስቱ (ታሪኩ ድንገት የሚገለበጥበት ቦታ)፦ የሞተው ሰው የቤቱ ባለቤት ነው። ልጁን ሰርፕራይዝ ሊያደርግ ቀይ ለብሶ ከመንገድ የመጣ አባት። ቤቱን ሰብረው የገቡት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ጣሪያ ላይ የመሰለን ኮቴም የጣሪያ አይደለም። ፎቅ ላይ የታሰሩት ሚስቱና ልጁ ወለሉን በእግራቸው ሲደበድቡ ነው።

«አደጋው ውጭ ሳይሆን ውስጥ ነው» የሚለው ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የካናዳ ሆረር ፊልም «ብላክ ክሪስማስ» ላይ የሚያስፈራራው ስልክ የሚደወለው ከዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እኛ የምንገለብጠው ሌላውን ጎን ነው፦ ተመልካቹ የሚያዝንላቸው ሰዎች እነማን ናቸው የሚለውን።

የመጀመሪያው ረቂቅ ቀሽም ነበር። ሁለቱ ሰዎች ለብቻቸው ሆነው ይዋሻሉ። ሴትየዋ «ልጃችን ተኝቷል» ትላለች። ለማን ነው የምትዋሸው? ሰውዬው ያውቃል። ተመልካቹን ለማታለል ብቻ ያስገባሁት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ያየ ሰው ይናደድብኛል። አጠፋሁትና ሕግ አወጣሁ፦ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ትዊስቱ ከታወቀ በኋላም እውነት መሆን አለበት። አሁን ንግግሩ እንዲህ ነው።

«ልጁ ዝም አለ?»
«ዝም ብሏል።»

በኋላ ደግሞ ሰውዬው፦ «ዛሬ ማንም አይመጣም ብለሽኝ ነበር።»

መጀመሪያ ሲሰማ እንግዳ ያልጠበቀ ባል ነው። ሁለተኛ ሲሰማ ቤቱን ሲያጠና የከረመ ሌባ።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። አባትየው ለምን «እኔ ነኝ» ብሎ አይጮህም? መልስ አጣሁ። ለጊዜው ዘለልኩት። ስክሪፕቱን ያነበቡት ሦስት ሰዎች ሦስቱም ይህንኑ ጠየቁ። እኔም ሦስቴ «አስበንበታል» አልኩ። አላሰብንበትም።

2ኛ ሳምንት፦ ቤቱ

የዘመድ ቤት ለሦስት ቀን ተገኘ። ለቤቱ አንከፍልም። ጉዳት ካደረስን ግን ጉድ ነን።

ፕላኑን በወረቀት ሳልኩ። በዚህ ዓይነት ፊልም ተመልካቹ የቤቱን ቅርፅ ካላወቀ አይፈራም። ኮቴ ከጓሮ በኩል ሲሰማ የጓሮው በር የት እንዳለ፣ መሸጎሪያው መዘጋቱንም ማወቅ አለበት። አለዚያ ዝም ብሎ ድምፅ ነው። ስለዚህ የፊልሙ የመጀመሪያ 90 ሴኮንድ አንድ ረጅም ሾት (ሳይቋረጥ የሚቀረጽ ምስል) ይሆናል። ሴትየዋ የመብራት ጌጡን ይዛ ከፊት በር ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ ጓሮ በር፣ ከዚያ እስከ ደረጃው ትሄዳለች። ደረጃውን አትወጣም።

በዚሁ ሾት ውስጥ ፍንጮቹን አስገባሁ። ወጥ ቤት ስትገባ ማብሪያውን በግራ በኩል ትዳብሳለች፤ ያለው ግን በቀኝ ነው። መቀስ ለማግኘት ሦስት መሳቢያ ትከፍታለች። ተዋናይቷ መጀመሪያ ፍለጋውን አጋነነችው፤ ግራ የገባት ሰው ሆነች። «በችኮላ ላይ እንዳለ ሰው ፈልጊ» አልኳት። ተስተካከለ። በዓል ደርሶበት መቀስ ያልጠፋበት ሰው የለምና ማንም አይጠረጥርም።

ቀዩ ልብስ ሌላ ራስ ምታት ነው። የተከራየነው አዲስና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ካሜራ ላይ ቀዩ ከልክ በላይ ደምቆ የጨርቁ እጥፋት ጠፋ። ባለቤቱን አስፈቅደን በሻይ ዘፈዘፍነው። ደበዘዘ። ከመንገድ የመጣ ሰው ልብስ መሰለ።

3ኛ ሳምንት፦ ሙከራ

የሙከራ ቀረጻ ያደረግነው እኔና ካሜራ ማኑ ነን፤ በአንድ ምሽት ሦስት ነገር ተበላሸ።

አንደኛ፣ ልብሱ ጥቁር ሆነ። ለጨረቃ ብርሃን ብለን ውጭ ላይ ሰማያዊ ፊልተር የለበሰ መብራት ተከልን። ቀይ ጨርቅ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ጥቁር ነው፤ የሚመልሰው ቀይ ብርሃን የለማ። መስኮቱ ላይ የቆመው የገና አባት ሳይሆን ጥቁር ጆንያ ነበር። ይህን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። መፍትሔው ከበረንዳው የጌጥ መብራት ሞቅ ያለ ብርሃን ከጎኑ እንዲያርፍበት ማድረግ ሆነ። ሰማያዊው ለግድግዳውና ለዛፎቹ ብቻ ቀረ።

ሁለተኛ፣ መብራቱ ተርገበገበ። ርካሽ የኤልኢዲ ጌጥ በዓይን ሲያዩት ደህና ነው። ካሜራው ላይ ግን ጥቁር መስመሮች ይንሳፈፋሉ። ምክንያቱ የኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ ነው። መስመሩ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ከሆነ መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። አንዳንዱ ርካሽ ጌጥ የሞገዱን ግማሽ ብቻ ስለሚጠቀም በሴኮንድ 50 ጊዜ በርቶ ይጠፋል። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሸተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ስናደርገው እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ዙር ስለሚይዝ መስመሮቹ ጠፉ። መስመሩ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር 1/60 ነው የሚሠራው።

ችግሩ የመጨረሻዋ ስሎው ሞሽን ሾት ናት። በሴኮንድ 100 ፍሬም ስንቀርጽ አንዱ ፍሬም ብርሃን፣ ቀጣዩ ጨለማ ሆነ። ዛፉን በሙሉ በባትሪ በሚሠራ ጌጥ ቀየርነው፤ ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ኮንትሮለር የሌለውን መርጠን።

ሦስተኛ፣ የስኳር መስታወት፤ ሲሰበር እንደ እውነተኛው የማይቆርጥ የፊልም መስታወት። ሰውዬው የሚሰብረውን መስታወት ራሴ እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ስኳር፣ ውሃ፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ። የመጀመሪያውን ሙቀቱን አሳለፍኩትና ቢጫ ሆነ። ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ስኳር እርጥበት ይስባል፤ ጠዋት ስነሣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት የሚያጣብቅና መሃሉ የጎበጠ ነገር ነበር። ለሦስተኛው እርጥበት በተሻለ የሚቋቋም ኢሶማልት የሚባል የስኳር ምትክ ገዛሁ። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥሩ መስታወት ወጣ። መኪና ውስጥ ተሰበረ።

እስካሁን ካወጣነው ገንዘብ አንድ አምስተኛው መስታወቱ ላይ ነው የቀረው። ስለዚህ ሾቱ ተቀየረ። የመስታወቱን መሰበር አናሳይም። ድምፁ ይሰማል፣ የሴትየዋ ፊት ይታያል፣ ከዚያ መጋረጃውን የሚገፋ ነጭ ጓንት። እውነቱን ለመናገር የተሻለው ይሄኛው ነው፤ ግን ለማወቅ ሦስት ድስት አቃጥያለሁ።

4ኛ ሳምንት፦ ቀረጻ

1ኛ ቀን። ቤት ውስጥ ያለውን ሌሊት የምንቀርጸው በቀን ነው፤ ልጁ ማታ መሥራት የለበትም። መስኮቶቹን ከውጭ በጥቁር ላስቲክ ሸፈንን። ቤቱ ምድጃ ሆነ። በየ40 ደቂቃው በር ከፍተን እንተነፍሳለን።

ልጁ 7 ዓመቱ ነው። የቀረጽነው ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነው። ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመ እንጂ አልታሰረም። ታሪኩን አያውቅም፤ ደምም አላየም። «ወለሉን ሦስቴ ምታ፣ ዝም በል፣ እንደገና ሦስቴ» አልነው። ጨዋታ መሰለው። ካሜራው ያየው እግሮቹን ብቻ ነው። ሲያልቅ «ሌላ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ስህተት፦ የዛፉን መብራት ቀይረን፣ በረንዳው ላይ ያለውን ጌጥ ግን ብልጭ ድርግም እንዳለ ረስተነዋል። በአንዱ ሾት በርቷል፣ በሚቀጥለው ጠፍቷል፣ አይገጥምም። ግማሽ ቀን ደገምን። ሻማዎቹም እንዲሁ፤ በአንዱ ሾት ረጅም፣ በሌላው ተቃጥሎ ያለቀ። ከዚህ በኋላ ከእያንዳንዱ ቴክ (የአንድ ሾት አንድ ሙከራ) በፊትና በኋላ በስልክ ፎቶ እናነሣለን።

2ኛ ቀን። ደም። ሲረፕ፣ ቀይ ቀለም፣ ጠብታ ሰማያዊ፣ ትንሽ ካካዎ እንዲጠቁር። ቀለሙ አሪፍ ነው። ደረቱ ላይ ቀባነው። ምንም አይታይም! ቀይ ልብስ ላይ ቀይ ደም ማን ያየዋል? ተዋናዩ ቆሞ ሲረፕ እያንጠባጠበ፣ እኛ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጠን፣ እርጥብ ልብስ ብቻ ነው የምናየው። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ አዳነችን። «ጺሙ ላይ አድርጉት» አለች። ነጩ ጺም ከሥር ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ። ደረቱ ላይ ያቀድኩት ሦስት ሾት ተሰረዘ፣ ይቺ አንዷ በቃች። ጺሙ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ቴኩም አንድ ነበር። ትርፍ ጺም ያስፈልግ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ።

ለድምፅ ስንል ፍሪጁን እናጠፋለን። ሳይበራ እንዳይቀር የመኪና ቁልፌን ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ያለ ቁልፍ የትም አልሄድም። ይህ ዘዴ ሠርቷል። በነገራችን ላይ ስንጨርስ ቁልፉን 20 ደቂቃ ፈልጌዋለሁ።

3ኛ ቀን። ይህን በደንብ ልጻፍ።

የውጭውን ሾት ስንቀርጽ ተዋናዩ መስኮቱን ከውጭ ይገፋል፣ እኛ ውስጥ ነን። ለጎረቤቶች ቀድመን ነግረናል። ለአንዱ ግን አልነገርንም፤ ያን ሰሞን ቤቱ አልነበረም። ቀይ የለበሰ ሰው መስኮት ሲፈለቅቅ አየና ዱላ ይዞ መጣ።

ተዋናዩ ሁለት እጁን አንሥቶ መስታወቱን እየደበደበ መጮህ ጀመረ። «ክፈቱ! እኔ ነኝ! ኧረ እኔ ነኝ!»

ውስጥ ያለነው ሁሉ ምን ብለን እናስብ? ስክሪፕቱ ላይ ንግግር የለውም። የራሱን ጨምሮ እየሠራ መሰለን። ካሜራ ማኑ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገልኝ። እኔ በሹክሹክታ «ቀጥል፣ ቀጥል» እላለሁ። ሴትየዋ ከሮሏ ሳትወጣ መሸጎሪያውን ገፋች። ምናልባት 15 ሴኮንድ ቆይቶ ነው የጎረቤቱን ድምፅ የሰማነው።

ማንም አልተጎዳም። ይቅርታ ጠይቀን ስክሪፕቱን አሳየነው፤ ጎረቤትየውም እየሳቀ ተመለሰ። ተዋናዩ ለሩብ ሰዓት አላናገረንም። ልክ ነው። ውጭ የሚጫወት ሰው አጠገብ የእኛ ሰው መቆም ነበረበት። አላቆምንም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የድምፅ ባለሙያችን ግን ቅጂውን አላቋረጠም ነበር። ማታ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሰማሁት። በመስታወት የታፈነ፣ የእውነት የፈራ ሰው ድምፅ። «እኔ ነኝ።» መጀመሪያ ሲሰማ በር ለማስከፈት የሚያታልል ክፉ ሰው ነው። ሁለተኛ ሲሰማ ቤቱ አልከፍት ያለው አባት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የዘለልኩት ቀዳዳ በዚህ ተደፈነ። ተዋናዩን አስፈቀድነው። «ሌላ ቴክ አልሠራም እንጂ ያንን ውሰዱት» አለ።

6ኛ ሳምንት፦ ኤዲቲንግ

የመጀመሪያው ቅንብር 19 ደቂቃ ሆነ። ለዘጠኝ ሰው አሳየሁ።

ሁለቱ መቀስ ፍለጋው ላይ ነቁ። ሰባቱ አልነቁም። ደስ አለኝ። ከዚያ ጥያቄ ስጠይቅ ከሰባቱ አራቱ መጨረሻውን ጭራሽ አልተረዱትም። «ሁለቱ ሌቦች ናቸው እንዴ? ታዲያ ሟቹ ማነው?» ምስጢሩን ስጠብቅ ስጠብቅ ቀበርኩት።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ከዘጠኙ በጣም የፈሩት ቀድመው የነቁት ሁለቱ ናቸው። አንዷ ከመሃል ጀምሮ ትራስ አቅፋ ነው ያየችው። «ሰውዬው እየመጣ ነው፣ አያውቅም እኮ» አለችኝ።

ይህን በአስጨናቂ ፊልሞቹ የሚታወቀው ዳይሬክተር ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ በቦምብ ምሳሌ አስረድቶታል። ጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው 15 ሴኮንድ ነው። ቦምቡ እንዳለ ቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ይጨነቃል። ምሳሌውን ስንት ጊዜ ለሰው ተርኬዋለሁ! የራሴ ስክሪፕት ላይ ግን አላየሁትም። ትዊስት አለኝ ብዬ እንደ ቁጠባ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት።

ስለዚህ ትዊስቱን ከመጨረሻው ወደ 9ኛው ደቂቃ አመጣሁት። ሰውዬው መስኮት ላይ ጺሙን ዝቅ አድርጎ ላቡን ይጠርጋል። ወዲያው ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለው ጌጥ ይንሸራተታል። ከሥሩ የቤተሰብ ፎቶ አለ፤ እሱ፣ ሚስቱ፣ ልጁ። ከፎቅ ሦስት ምት ይሰማል። ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ ተመልካቹ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም።

የፎቶዋን ሾት አልቀረጽናትም ነበር። ቤቱን መልሰናል። ተዋናዮቹን ጠርቼ ፎቶ አነሣኋቸው፣ አሳተምኩ፣ ተመሳሳይ ቀለም የቀባሁት ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ ቤቴ ቀረጽኩ። ፍሬሙ ውስጥ የሚታየው ግድግዳ አንድ ክንድ አይሞላም። ማንም አላወቀም።

8ኛ ሳምንት፦ ድምፅ

ሙዚቃ ላይ ተሸወድኩ። «ሳይለንት ናይት» የሚባለው የገና መዝሙር መጀመሪያ የተዘመረው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው፣ «ጂንግል ቤልስ» የታተመው በ1857። የሁለቱም ዜማ የማንም ንብረት አይደለም። ከኢንተርኔት አንድ ቅጂ አውርጄ ለሙከራ ስጭነው ግን የባለቤትነት ጥያቄ መጣ። ዜማው ነፃ ነው፣ የተቀዳው ድምፅ ግን የቀዳው ሰው ነው። በትንሽ የልጆች ኪቦርድ ራሳችን ተጫወትነው። ትንሽ የተሳሳተ ኖታ አለው። ተውነው፣ ይዘገንናል።

አንድ ነገር በአጋጣሚ ገጠመ። «ጂንግል ቤልስ» የሚለው ዝማሬ ሦስት ምት፣ እንደገና ሦስት ምት ነው። ልጁም የመታው ሦስት፣ ሦስት ነው። መጀመሪያ ላይ ምቱ ከሙዚቃው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። ሙዚቃው ሲዘጋ ግን ምቱ ይቀጥላል።

የምቱ ቅጂ አንድ ነው፣ አሠራሩ ሁለት። ለመጀመሪያው ግማሽ ማስተጋባት ጨምሬበት፣ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጬ፣ ከጣሪያ የሚመጣ አስመሰልኩት። ከ9ኛው ደቂቃ በኋላ ያንኑ ድምፅ ደረቅ አድርጌ ለቀቅኩት፤ እንጨትና ተረከዝ።

ፍርሃት ይጨምራል ብዬ ያስገባሁት የ40 ኸርዝ ጉርምርምታ ስልክ ላይ ጭራሽ የለም። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። ከዚያ ከፍ ባለ ክልል ተመሳሳይ ድምፅ ደረብኩበት። አሁን በስልክም ይሰማል።

9ኛ ሳምንት፦ ሁለተኛ ሙከራ

ርዝመቱ 13 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ሌሎች ስምንት ሰዎች።

በመጀመሪያው ማሳያ ላይ ሰዉ ለሴትየዋ ነበር የሚያወራው። «ዝጊው፣ ዝጊው» ይሉ ነበር። በዚህኛውም እስከ 9ኛው ደቂቃ ድረስ ያው ነው። ፎቶዋ ስትታይ ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ያ የታፈነ ድምፅ መጣ፣ «እኔ ነኝ!» አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር፣ ለስክሪኑ፣ ቀስ ብሎ፦ «ተመለስ በናትህ። አትግባ።»

የቀረ ሥራ፦ ስሎው ሞሽኗ ላይ 11 ፍሬም አሁንም ይርገበገባል። አንዱን የባትሪ ጌጥ ማን በኤሌክትሪኩ እንደቀየረው አላወቅንም። በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ ብርሃናቸውን እያስተካከልኩ ነው። ሰባት ጨርሻለሁ። ቀዩ ልብስ ታጥቦ ተመልሷል፤ የሻዩ ቀለም ግን አለቀቀም። ባለቤቱ አይቶ ምንም አላለም።